ቦራና ዳለቻ፦ የሁለት ዲስኮች ርክክብ

የንብረት ርክክብ ቅጽ ሰባት ዓምዶች አሉት፦ ተራ ቁጥር፣ የዕቃው ስም፣ መለያ ቁጥር፣ ብዛት፣ ያለበት ሁኔታ፣ ምክንያት፣ ፊርማ። ጡረታ በወጣሁበት የሰኔ ሳምንት ይህን ቅጽ በሁለት ቀን ሞልቼ ጨረስሁ፤ አንድ ረድፍ ብቻ ቀረ። በዚያ ረድፍ ላይ «ሃርድ ዲስክ፤ ብዛት ሁለት፤ የማይሠራ» ብዬ ከጻፍሁ በኋላ «ምክንያት» ከሚለው ዓምድ ስደርስ እጄ ቆመ። ንብረት ተረካቢው አቶ ሲሳይ ሰዓቱን እያየ፦

«እርጅና ይበሉት፣ ኢንጂነር። ማን ያየዋል?» አለኝ።

«እኔ አየዋለሁ» አልሁትና ቅጹን ይዤ ወጣሁ። የሥራ ዘመኔን እዚህ ላይ የምጽፈው ያ ጠባብ ዓምድ ስላልበቃኝ ነው።

ወደ ላስታ የሄድሁት ወድጄ አይደለም። በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪ ነበረኝ፤ ዩኒቨርሲቲ አስተምሬ፣ ከዚያም አዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። አንድ ቀን የመምሪያ ኃላፊያችን ለእንግዶች ገለጻ ሲያደርግ ወደ ስክሪን እያመለከተ «ይህ ሰርቨራችን ነው» አለ። «እሱ ስክሪን ነው፤ ሰርቨሩ ጠረጴዛው ሥር ያለው ነው» አልሁ። በቀጣዩ ግምገማ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ትዕቢቴ ተነገረ። ግለ ሂስ እንዳደርግ ስጠየቅ «ስክሪን ስክሪን ነው» ብዬ ተቀመጥሁ። ወሩ ሳያልቅ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ለወረዳ ኔትወርክ ዝርጋታ ብቁ ባለሙያ በማስፈለጉ ይላል። ደመወዜ አልተነካም፤ ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ላሊበላ ላይ የተሰጠኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ፣ ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ነበር። ጣሪያው ላይ የሳተላይት ሳሕን ተተክሏል። ውስጡ አንድ የብረት መደርደሪያ ቆሟል፤ ከላይ ወደ ታች ራውተር፣ ስዊች፣ ሰርቨር፣ ከሁሉም በታች መብራት ሲጠፋ ለሃያ ደቂቃ ያህል ነፍስ የሚያቆየው ዩፒኤስ። መስኮቱ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ያያል። የአገሩ ቀይ አቧራ በየቀኑ በበሩ ሥር ይገባል፤ የሰርቨሩ ማራገቢያም ይስበዋል። ክፍሉን የተረከብሁት ከአቶ አድማሱ ነው።

አቶ አድማሱ ዲግሪ አልነበራቸውም። በጉብዝናቸው ወራት የስልክ መስመር ሠራተኛ ሆነው ከላሊበላ እስከ ኮን ምሰሶ ሲተክሉና ሽቦ ሲቀጥሉ ኖረዋል፤ ኮምፒውተር ሲመጣ በሦስት ወር ሥልጠና ቴክኒሻን ተባሉ። የአገሬው ሰው «አያ አድማሱ» ይላቸዋል። በመጀመሪያው ቀን ከእግሬ እስከ ራሴ አይተውኝ፦

«ኢንጂነር፣ ጫማዎ ለዚህ አገር አይሆንም» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። አልተቀየምሁም ብል ግን ሐሰት ነው።

ከእርሳቸው የተማርሁትን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍሉ ከመግባታቸው በፊት አንድ ጆግ ውኃ ይዘው ከግድግዳው ጀርባ ይዞራሉ፤ መሬት ውስጥ የተቀበረው የመብረቅ ማስወገጃ ብረት ላይ ያፈስሱታል። ምድር ስትደርቅ ኤሌክትሪክ መውረጃ ያጣል፤ የላስታ መብረቅ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። መንገደኞች ይቀልዱባቸው ነበር። «አያ አድማሱ፣ ብረቱ ዘንድሮም አልበቀለም?» ይሏቸዋል። «ሥሩ ነው የሚያድገው፤ አንተ የምታየው ላዩን ነው» ብለው ይገባሉ። ከገቡ በኋላ ምንም ነገር ከመንካታቸው በፊት መዳፋቸውን በመደርደሪያው ብረት ላይ ያሳርፋሉ፤ በሰው ገላ ላይ ያደረው ኤሌክትሪክ እዚያ ይቀራል። ከዚያ የሚነኩትን ነገር ስምና ሥራ ጮክ ብለው ይናገራሉ። እኔንም አስገደዱኝ።

«ምን ልትነኪ ነው?»

«ስዊቹን።»

«ሥራው?»

«አቶ አድማሱ፣ ይህን እኮ አስተምሬዋለሁ።»

«ለተማሪዎችሽ አስተምረሻል፤ ለእጅሽ አላስተማርሽም። ሥራው?»

«እዚሁ ግቢ ያሉትን ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ያገናኛል።»

«እንግዲህ ንኪው።»

በሁለተኛው ወር «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው «አንቺ» ብለውኝ ነበር። ልብ ያልሁት ቆይቼ ነው፤ በዚያ አገር ማንም እንዲህ አልጠራኝም ነበርና።

ኬብል ሲያስሩ ስምንቱን ቀጫጭን ሽቦዎች በአውራ ጣታቸው ጨፍልቀው እንደ ፊደል ገበታ ይቆጥሯቸዋል፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ጥንድ ጥንዱ የተጠማዘዘው በከንቱ እንዳልሆነ፣ ጥምዝምዙ ከጣት ጫፍ በላይ ከተፈታ የአንዱ ሽቦ ወሬ ወደ ሌላው እንደሚፈስስ ያሳዩኝ እርሳቸው ናቸው። ሒሳቡን አውቀው ነበር። የጣት ጫፍ ስንት እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

የወረዳውን ጸሐፊዎች እንዳሠለጥን ስታዘዝ አርባ ገጽ የሙያ ቃላት መፍቻ አዘጋጀሁ። «ማእከላዊ የመረጃ አገልጋይ»፣ «ተለዋዋጭ ማኅደረ ትውስታ» እያልሁ ሳነብ ግማሹ ክፍል አንቀላፋ። አቶ አድማሱ ከኋላ ተነሥተው «ኢንጂነሯ ያለችው ትክክል ነው፤ በእኛ ቤት ቋንቋ ልድገመው» አሉ። ሜሞሪ መዳፍ ነው፤ እየሠራህ ሳለ የያዝኸው እህል፤ መብራት ሲጠፋ ይበተናል። ዲስክ ጎተራ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ያድራል። የኮምፒውተር አድራሻ የሰው አድራሻ ነው፦ የፊተኛው ቁጥር አጥቢያው፣ የኋለኛው ስሙ። ስዊች የአጥቢያውን ሰው ሁሉ የሚያውቅ ነው፤ ራውተር ግን ከአጥቢያው ወጥቶ ወደ ሌላ አገር መንገድ የሚመራ። ከዚያ ወዲህ ያንን ትምህርት የረሳ ጸሐፊ አላየሁም። የእኔን አርባ ገጽ ግን ያስታወሰ የለም።

ሰርቨራችን ሁለት ዲስኮች ነበሩት። በአንዱ ላይ የሚጻፈው ሁሉ በዚያው ቅጽበት በሌላውም ይጻፋል፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። አቶ አድማሱ ይህን «ጥማድ» አሉት።

«አያ አድማሱ፣ የእርስዎስ ጥማድ ጉድ ነው!» አለች አንዷ ጸሐፊ። «አንዱ በሬ ሲሞት አንዱ ብቻውን ያርሳል እንዴ?»

«ያርሳል፣ ግን እየተንገዳገደ። መቀናጆ እስክታመጪለት ድረስ ነው።»

መቀናጆ አንድ በሬ ያለው ገበሬ አንድ በሬ ካለው ጎረቤቱ ጋር የሚያጣምርበት ልማድ ነው። ተጠባባቂ ዲስክ ማለት ይኸው ነበር። ላስታ ውስጥ ስም የሌለው በሬ የለምና፣ አቶ አድማሱ ነጭ ፕላስተር ቆርጠው በላይኛው ዲስክ ላይ «ቦራ»፣ በታችኛው ላይ «ዳለቻ» ብለው ጻፉ። በመደርደሪያው በር ውስጥም አንድ ወረቀት ለጠፉ፦ «ማሽኑ ዜሮ ሲል ቦራን ነው፤ አንድ ሲል ዳለቻን ነው።» ማሽን ከዜሮ፣ ሰው ከአንድ ይቆጥራል፤ ያ ወረቀት በሁለቱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነበር።

ከክልል ጎብኚዎች ይመጣሉ በተባለበት ሳምንት ፕላስተሮቹን ላጥሁ። ወረቀቱንም ቀደድሁት። በምትካቸው በማተሚያ የወጡ ንጹሕ መለያዎች ለጠፍሁ፦ ላይኛው 1፣ ታችኛው 2። አቶ አድማሱ ቆመው አዩኝ።

«ምን አደረጉሽ?»

«በሬዎች መስለው ይታያሉ። ይስቁብናል።»

«ይሳቁ፤ ሳቅ ዲስክ አይሰብርም። ቁጥር ብቻ ካደረግሻቸው በቸኮልሽ ቀን ማን ይመልስልሻል?»

መለያዎቹን ጫን ጫን አድርጌ አጣበቅሁ። ጎብኚዎቹ መጡ፤ ክፍሉን ለአራት ደቂቃ ያህል አዩ፤ መደርደሪያውን አልከፈቱም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ የብልባላ አካባቢ የመሬት ልኬት ወደ ሰርቨሩ ገባ። ቀያሾቹ የመስክ ወረቀታቸውን አስመዝግበው ሲጨርሱ «ወረቀቱን ምን እናድርገው?» ብለው ጠየቁ፤ ክፍሉ ጠባብ ነበር። «በሁለት ዲስክ ተጽፏል፤ አቃጥሉት» ብዬ ፈረምሁ። አቶ አድማሱ ሰምተው «ሁለቱም በሬዎች የሚያድሩት አንድ በረት ነው፤ በረቱ ቢቃጠልስ? ሌላ ቤት የሚያድር ቅጂ አውጪ» አሉኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አወጣለሁ አልሁ። አላወጣሁም።

ወይዘሮ ይመኙሻልን ያወቅኋት በዚያው ሰሞን ነው። ከብልባላ በእግሯ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከወይራው ሥር ያለውን እርሻዋን ዋርሳዋ፣ ማለትም የሟች ባሏ ወንድም፣ «የወንድሜ ነው» ብሎ ገፍቶ ያርስባታል። አሮጌው የመሬት ደብተር በባሏ ስም ሆኖ ዋርሳዋ እጅ ነበር፤ በአዲሱ ልኬት ግን መሬቱ በእርሷ ስም ተመዝግቧል። ፍርድ ቤቱ ማስረጃ አምጪ ብሏታል። መዝገቡን ከፍቼ ስክሪኑን ወደ እርሷ አዞርሁት።

«ይኸ ነው ስሜ?»

«ይኸ ነው።»

«ከማን ጋር ነው የተጻፈው?»

«ከማንም ጋር አይደለም፤ ብቻዎን።»

በጣቷ ስክሪኑን ሳትነካ ከላዩ ላይ በአየር አሰመረችበት። «ስሙልኝማ!» አለች ወደ ኋላዋ፤ ከኋላዋ ግን ማንም አልነበረም። ማተሚያው ቀለም አልቆበት ነበርና በመጪው ቅዳሜ፣ በገበያ ቀን፣ ተመልሳ እንድትወስድ ነገርኋት። መርቃኝ ሄደች።

ረቡዕ ጠዋት ሰርቨሩ ይጮኻል። ስክሪኑ ላይ «ዲስክ 1 ሊሞት ተቃርቧል» የሚል መልእክት ቆሟል። አቶ አድማሱ ለተዝካር ገነተ ማርያም ሄደው ነበር፤ በማግሥቱ ይመለሳሉ። ተጠባባቂ ዲስክ ስላልነበረኝ ከክልል እስኪላክልኝ ዳለቻን ከነነፍሱ መተው፣ አስቀድሞም ከቦራ ላይ ቅጂ ማውጣት ይገባኝ ነበር። እኔ ግን የሚጮኸውን ዲስክ ነቅሎ መልሶ መሰካት አንዳንድ ጊዜ ያሽለዋልና ያንን ልሞክር አሰብሁ። መዳፌን በብረቱ ላይ አላሳረፍሁም፤ የምነካውንም ስም አልጠራሁም። «1» የሚለውን መለያ አየሁና ያንን ሳብሁ።

የሳብሁት ቦራን ነበር፤ ጤነኛውን። የማሽኑ አንድ ዳለቻ፣ የእኔ አንድ ቦራ ነበር።

ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር። ቦራን በፍጥነት መልሼ ስሰካው ማሽኑ እንደ እንግዳ ዲስክ ቆጠረውና «ከቀረው ላይ ልገልብጥበት?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ» የሚለውን ተጫንሁ። በሞት አፋፍ ያለው ዳለቻ በጤነኛው በቦራ ላይ ይገለበጥ ጀመር፤ የቦራ መዝገብ ከሥሩ እየተፋቀ ሄደ። ቅጂው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ዳለቻ ሞተ። ማራገቢያው ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያች ሰዓት አንሥቶ እስከ ማታ ያደረግሁትን ሁሉ በዝርዝር ማስረዳት እችላለሁ፤ አንዱም አልጠቀመም።

አቶ አድማሱ ሐሙስ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ፊቴን አዩ።

«የትኛውን ሳብሽ?»

«ቦራን።»

ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «ነግሬሽ አልነበር?» አላሉኝም። ምነው ባሉኝ እላለሁ እስከ ዛሬ።

ቅዳሜ ወይዘሮ ይመኙሻል መጣች። መዝገቡ እንደሌለ ነገርኋት። «አይቼው የለም እንዴ?» አለች፤ «እርስዎም አይተውት የለም?» በሳምንቱ ፍርድ ቤቱ የጽሑፍ መልስ ጠየቀ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ደብዳቤውን ራሱ አረቀቀው፦ «በኤሌክትሪክ መቆራረጥ ምክንያት የተጠየቀው መረጃ አልተገኘም።»

«መብራት አልተቆራረጠም» አልሁት።

«መቼ ነው እዚህ አገር መብራት ያልተቆራረጠው? 'አጠፋነው' ብለን ከጻፍን ነገ የብልባላ ሰው በሙሉ በራችን ላይ ነው። 'አልተገኘም' ሐሰት ነው?»

ሐሰት አልነበረም። ፈልጌዋለሁ፤ አልተገኘም። ፈረምሁ።

አቶ አድማሱ የደብዳቤውን ግልባጭ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «አልተገኘም የሚባለው ያልነበረም ነገር ነው» አሉኝ። «ያቺ ሴት የምትሻው ዲስክ አይደለም፤ 'አይቻለሁ' የሚል አንድ ሰው ነው። ቀጠሮዋ ሰኞ ነው፤ ሂጂና መስክሪላት።»

«ሥራዬን ያሳጣኛል።»

«ያሳጣሽ ይሆናል» አሉ።

ሰኞ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ተቀምጬ ኬብል ሳስር ዋልሁ። ስለ አንድ ስክሪን ስም ለመታገል ድፍረት ነበረኝ፤ ስለ አንዲት ሴት እርሻ ግን አልነበረኝም። ፍርድ ቤቱ ደብዳቤዬን አነበበ፤ ማስረጃ የለም ብሎ እርሻውን ለዋርሳዋ ወሰነ። ማክሰኞ አቶ አድማሱ ውኃቸውን አፍስሰው ገቡ፤ መዳፋቸውን በብረቱ ላይ አሳረፉና፦

«እንደምን አደሩ፣ ኢንጂነር?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ «አንቺ» ብለውኝ አያውቁም። ሥራውን አልበደሉም፤ የጠየቅኋቸውን ሁሉ አስተማሩኝ። ሲሰናበቱ ያን ነጭ ፕላስተር ከነጥቅሉ ጠረጴዛዬ ላይ ትተውልኝ ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ከሴቶቹ ኋላ ቆምሁ።

ብዙ ዓመት ቆየሁ። ለሌሎች ወረዳዎች ኔትወርክ ዘረጋሁ፤ የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ከአዲስ አበባም ተመለሺ ተብዬ አልተመለስሁም። በኋላ መረጃው በሙሉ ሌላ ከተማ ወዳለ ማእከል ተዛወረ፤ መደርደሪያው ጠፍቶ ያ ክፍል የተሰበረ ወንበር ማኖሪያ ሆነ። ቢሆንም ጠዋት ጠዋት በጆግ ውኃ ወደ ግድግዳው ጀርባ እዞር ነበር። ብረቱ የሚጠብቀው አንድም ማሽን አልነበረም። ናፍቆት በሳይንስ ቢለካ የእኔ ልኬት ያ ጆግ ነው፦ አንድ ሊትር ተኩል፣ በየቀኑ፣ ለማንም የማይጠቅም። የሚናፍቀኝ ማሽኑ አይደለም። «ምን ልትነኪ ነው?» የሚለኝ ድምፅ ነው፤ በ«አንቺ»።

ወደ ርክክቡ ልመለስ። ቅጹን በያዝሁ በማግሥቱ ሁለቱን ዲስኮች ከዕቃ ቤት አወጣሁ። የታተሙት መለያዎች በጥፍሬ ተላጡ፤ ከሥራቸው የአሮጌው ፕላስተር ሙጫ ቅርጹን ይዞ ደርቋል። ከጥቅሉ ሁለት ቁራጭ ቆርጬ ስማቸውን መለስሁላቸው። ከዚያ «ምክንያት» በሚለው ዓምድ፣ ቦታው ሲጠበኝም በጀርባው፣ ይህን ጻፍሁ፦

«ዳለቻ በዕድሜ ሞተ። ቦራን ጤነኛ ሳለ እኔ አጠፋሁት፤ መብራት አልተቆራረጠም። በውስጡ የብልባላ መሬት ልኬት ነበረ። ከወይራው ሥር ያለው እርሻ በወይዘሮ ይመኙሻል ስም፣ በእርሷ ብቻ፣ ተመዝግቦ እንደ ነበር በዓይኔ አይቻለሁ።»

አቶ ሲሳይ አነበበና ቀና አለ። «ኢንጂነር፣ ይህ ዓምድ ለዚህ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

አቶ ሲሳይ ማኅተሙን ቀለም አስነክቶ ዋናውንም በካርቦን የወጣውንም ቅጂ መታ።

ቅጂውን ይዤ ብልባላ ሄድሁ። ወይዘሮ ይመኙሻል አርጅታለች፤ የምትኖረው ልጇ ጋ ነው። ደጃፍ ላይ ምስር ስትለቅም አገኘኋት። ማንነቴን ስነግራት እጇ ከሰፌዱ ላይ አልተነሣም።

«የቀለሟ ሴትዮ» አለች። «አለቀብኝ ያልሽው ቀለም ተገኘ?»

ወረቀቱን ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«ለማን ልስጠው? ዋርሳዬም ሞተ፤ ልጁ ነው አሁን የሚያርሰው። ዳኛውም ተቀይሯል። ፊደልም አላውቅ።»

«ፍርዱን አይመልሰውም» አልሁ። «የመጣሁት ልመሰክር ነው። ዘግይቻለሁ።»

«ዘግይተሻል» አለች። ለጥቂት ጊዜ ምስሯን ለቀመች። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ ነጠላዋን አጣፋች፤ ሰው ችሎት ሲቆም እንደሚያደርገው። «አንብቢልኝ።»

አነበብሁላት።

«ስሜን ከጠራሽበት ላይ ድገሚው።»

ደገምሁት። አንገቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞረች። ከወይራው ሥር አንድ ጎልማሳ በሁለት በሬ ያርሳል፤ ጅራፉ ከመጮኹ በፊት ሲወነጨፍ ይታየን ነበር።

«ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፣ አንቺ» አለችኝ። «እርሻው ሩቅ አይደለም።»

ተነሥቼ ቆምሁ። ያለኝን ድምፅ ሁሉ አውጥቼ አነበብሁ፦ የእርሻውን፣ የእርሷን፣ በመጨረሻም የራሴን ስም። ከታች ጥማዱ ቆመ።